የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቀለሙ ከሰርቨር ሲመጣ ኮንፊግ ፋይሉ ለምን አይጠብቅም?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች የመረጥናቸው ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ይኸውም የስታይል ፍሬምወርክ (የድረ ገጽን መልክ የሚወስነውን የሲኤስኤስ ኮድ የሚያመነጭ መሣሪያ)፣ በተለይም ቴይልዊንድ ሲኤስኤስ፣ የኮንፊግ (የቅንብር) መረጃውን ከሌላ ቦታ በአሲንክሮነስ መንገድ፣ ማለትም መልሱ ቆይቶ በሚደርስበት አኳኋን፣ እንዲያገኝ ሲፈለግ የሚፈጠረው ችግር ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የድርጅታችን ቀለሞችና የፊደል መጠኖች የሚቀመጡት ዲዛይነሮቻችን በሚያስተዳድሩት አንድ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚጠይቁበት የሰርቨር አገልግሎት) ላይ ነው። ቴይልዊንድ 3ን ቪት ከተባለው የቢልድ መሣሪያ ጋር እንጠቀማለን። በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ነባሩን ቲም (የቀለሞችና የመጠኖች ስብስብ) በሚያሰፋው ክፍል፣ ቀለሞቹን ከኤፒአዩ የሚያመጣ አሲንክ ፈንክሽን ጠርቼ ውጤቱን «ከለርስ» ለሚለው ቁልፍ ሰጠሁት። ቢልዱ (ኮዱን ለብራውዘር የማዘጋጀቱ ሂደት) ያለ አንዳች ስህተት ያልቃል፤ የፍሬምወርኩ ነባር ቀለሞችም ይሠራሉ፤ የእኛዎቹ ግን አንዳቸውም አይታዩም። በኋላ አንድ ባልደረባዬ በሲኤስኤስ ፋይል ውስጥ «@አፕላይ» በሚለው ትእዛዝ የእኛን ቀለም ሲጠራ «ክላሱ (የስታይሉ መጠሪያ ስም) የለም» የሚል ስህተት መጣ። ኤፒአዩ ትክክለኛ መልስ እንደሚሰጥ አረጋግጫለሁ። ኮንፊጉ መልሱን እንዲጠብቅ ማድረግ የምችለው እንዴት ነው?

መልስ፦ በስሪት 3 ኮንፊጉን ማስጠበቅ አይቻልም፤ ቢቻል ኖሮም አንመክርዎትም ነበር። ምክንያቱን እናስረዳ።

አሲንክ ፈንክሽን ሲጠራ የሚመልሰው ቀለሞቹን ሳይሆን ፕሮሚስ (ውጤቱ በኋላ የሚገባበት መያዣ) ነው፤ ፕሮሚሱን የተቀበለው ወገን «አዌት» ብሎ ካልጠበቀው በቀር በውስጡ የሚመጣውን ነገር አያገኝም። ቴይልዊንድ 3 ደግሞ አይጠብቅም። ኮንፊግ ፋይሉን በሲንክሮነስ መንገድ ይጭናል፣ የተሰጠውን ኦብጀክት ከራሱ ነባር ቲም ጋር ያዋህዳል፣ ወዲያውም በፋይሎችዎ ውስጥ ላገኛቸው ክላሶች ሲኤስኤስ ማውጣት ይጀምራል። በሚያዋህድበት ጊዜ «ከለርስ» በሚለው ቁልፍ ሥር የሚያገኘው ፕሮሚስ በጃቫስክሪፕት ዘንድ እንደማንኛውም ኦብጀክት ነው፤ ሆኖም የሚዘረዘር ቁልፍ አንድም የለውም። ባዶ የቀለም ዝርዝር ስህተት ስላልሆነ በዝምታ ያልፈዋል። የኤፒአዩ መልስ ሲደርስ የሲኤስኤስ ፋይሉ ተጽፎ አልቋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ስህተቱ በ«@አፕላይ» ላይ ብቻ የታየዎትም ይህ ትእዛዝ የተጠራው ክላስ የግድ እንዲገኝ ስለሚፈልግ ነው፤ በኤችቲኤምኤል ውስጥ የተጻፈ የማይታወቅ ክላስ ግን ለፍሬምወርኩ ትርጉም እንደሌለው ተራ ቃል ስለሚቆጠር ማንም አያስጠነቅቅዎትም።

ሌሎች አንባቢያን ደግሞ አንድ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን መላውን ኮንፊግ በፕሮሚስ መልክ ያወጣሉ። ያ ሲሆን የሚነበቡትን ፋይሎች የሚጠቁመው «ኮንቴንት» የተባለው ቁልፍ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ይኸው ቁልፍ እንደሌለ ወይም ባዶ እንደሆነ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በተርሚናሉ ላይ ይወጣል። በገጹ ላይ የሚታየውም ምልክት የማያሻማ ነው፦ የፍሬምወርኩ መነሻ ስታይል ብቻ ስለሚወጣ ርእሶቹ ሁሉ መጠናቸውን አጥተው ከተራው ጽሑፍ ጋር እኩል ይሆናሉ፣ የዝርዝሮች ነጥቦችም ይጠፋሉ፣ የተጻፉት ክላሶች ግን አንዳቸውም አይሠሩም። እንዲህ ያለ ገጽ ካዩ መጀመሪያ የሚመረመረው ኮንፊጉ በትክክል መነበቡ ነው። የእርስዎ ዓይነቱ ከፊል ጉድለት ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚያልፍ ከዚህኛው ይበልጥ አስቸጋሪ ነው እንላለን።

አንዳንዶች ከማንኛውም ፈንክሽን ውጭ በሞጁሉ አናት ላይ «አዌት» በመጻፍ ለማምለጥ ይሞክራሉ። ይህ አጻጻፍ በ2022ቱ የኤክማስክሪፕት (የጃቫስክሪፕት ቋንቋ) ደረጃ የጸደቀ፣ ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ኖድ ጄኤስም ከስሪት 14.8 ጀምሮ በኢኤስ ሞጁሎች ውስጥ የሚቀበለው ነው። ይሁን እንጂ የሚሠራው ሞጁሉን የሚጭነው ወገን ራሱ በአሲንክሮነስ መንገድ «ኢምፖርት» ሲያደርገው ብቻ ነው። ከስሪት 22.12 ወዲህ ያለው ኖድ «ሪኳየር» የተባለው ሲንክሮነስ የመጫኛ ጥሪ የኢኤስ ሞጁልን እንዲጭን ቢፈቅድም፣ በአናቱ ላይ «አዌት» ያለበትን ሞጁል ግን በስህተት መልእክት ይመልሰዋል፤ ሲንክሮነስ የሆነ ጥሪ ሊጠብቅ አይችልምና። ቴይልዊንድ ከ3.3 ጀምሮ ኮንፊጉ በኢኤስ ሞጁልም ሆነ በታይፕስክሪፕት እንዲጻፍ መፍቀዱ ብዙዎችን ያሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የተለወጠው ፋይሉ የሚጻፍበት ቋንቋ እንጂ የሚጫንበት መንገድ አይደለም።

እንግዲህ የሚያዋጣው መጠበቁን ከኮንፊጉ አውጥቶ ከቢልዱ በፊት ማድረግ ነው። ቀለሞቹን ከኤፒአዩ የሚያመጣ ትንሽ የኖድ ስክሪፕት ይጻፉ፤ ስክሪፕቱ የፈለገውን ያህል ይጠብቅ፤ ሲጨርስ ውጤቱን በፕሮጀክቱ ውስጥ በጄሰን (መረጃን በጽሑፍ በሚይዝ) ፋይል ያስቀምጥ፤ ኮንፊጉም ያንን ፋይል እንደማንኛውም ሞጁል ያንብብ። በዚህ ጊዜ ለፍሬምወርኩ የሚደርሰው ያለቀለት ነገር ነው። የኖድ ጥቅል አስተዳዳሪው ኤንፒኤም «ቢልድ» የተባለውን ስክሪፕት ሲያስኬድ «ፕሪቢልድ» የሚል ስም ያለው ካለ አስቀድሞ በራሱ ስለሚያስኬደው ማገናኘቱ የአንድ መስመር ሥራ ነው። የሌላው ጥቅል አስተዳዳሪ የያርን አዳዲስ ስሪቶች ግን እንዲህ ያሉ ቅድመ ስክሪፕቶችን በራሳቸው ስለማያስኬዱ፣ ያርን ለሚጠቀም ቡድን ሁለቱን ትእዛዞች በግልጽ አስከትሎ መጻፍ ይሻላል።

ስክሪፕቱን ሲጽፉ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመጣውን ዋጋ ሳይፈትሹ አይጻፉት፤ እያንዳንዱ ቀለም የምትጠብቁት ዓይነት መሆኑን፣ ለምሳሌ ከመሰላል ምልክት (#) ቀጥሎ ስድስት የሄክሳዴሲማል አኃዞች ያሉት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ምክንያቱም የተበላሸ የቀለም ዋጋ በሲኤስኤስ ውስጥ ገብቶ ብራውዘሩ በዝምታ ሲጥለው፣ እንደገና መነሻው ወደማይታወቅ ጉድለት ይመለሳሉ። ፋይሉን በቀጥታ ከመጻፍ ይልቅ በጊዜያዊ ስም ጽፎ ሲያልቅ ስሙን መቀየር በግማሽ የተጻፈ ጄሰን እንዳይነበብ ይከላከላል። ለጥሪውም የጊዜ ገደብ ያስቀምጡለት፤ ገደብ የሌለው ጥሪ የቢልድ ሰርቨሩን አፉን ከፍቶ ያስቀረዋል።

ኤፒአዩ መልስ ባይሰጥስ? እዚህ ላይ የሁለቱን ሁኔታዎች ልዩነት መጠበቅ ይገባል። በገንቢው ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ስክሪፕቱ ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ባለፈው ጊዜ በተቀመጠው ፋይል ቢቀጥል ሥራው አይቆምም። ለተጠቃሚዎች በሚወጣው ቢልድ ግን ስህተት መልሶ ቢቆም እንመርጣለን፤ የትኛው ቀለም እንደወጣ ሳይታወቅ ከሚለቀቅ ገጽ የዘገየ ገጽ ይሻላል። ይህን ጥያቄ ከሥሩ የሚያቀለው ግን የተፈጠረውን የጄሰን ፋይል ከኮዱ ጋር በጊት (የኮድ ለውጦች መመዝገቢያ) ውስጥ ማስቀመጥ ነው። «የሚመነጭ ፋይል በጊት አይቀመጥም» የሚለውን ልማድ እናውቃለን፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን አንስማማበትም። ፋይሉ በጊት ውስጥ ሲኖር የቀለም ለውጥ እንደማንኛውም ለውጥ በግምገማ ያልፋል፣ ከስድስት ወር በፊት የነበረውን ኮድ እንደገና ቢልድ ሲያደርጉም ያኔ የነበረውን ገጽ ያገኛሉ፣ የቢልድ ሰርቨሩም ወደ ኤፒአዩ ጨርሶ መድረስ አያስፈልገውም። ኮንፊጉ ራሱ ከኔትወርክ ቢያነብ ኖሮ ያው ኮድ ጠዋትና ማታ የተለያየ ውጤት ሊሰጥ ይችል ነበር፤ መነሻችን ላይ «ቢቻል ኖሮም አንመክርም» ያልነው ለዚህ ነው። የዲዛይን ዋጋዎቹ ብዙ ዓይነት ከሆኑና ለሞባይል መተግበሪያም የሚያስፈልጉ ከሆነ፣ ከአማዞን የወጣው ስታይል ዲክሽነሪ የተባለው ነጻ መሣሪያ ይህንኑ የመለወጥ ሥራ ስለሚሠራ የራስዎን ከመጻፍ ያድንዎታል።

ቪትን ስለሚጠቀሙ ሌላም መንገድ አለዎት። የቪት የራሱ ኮንፊግ አሲንክ ፈንክሽን ይቀበላል፤ ስለዚህ በዚያ ውስጥ ቀለሞቹን ጠብቀው፣ የተሟላውን ኦብጀክት ለቴይልዊንድ በመስጠት ሲኤስኤስን በፕለጊኖች በሚያቀናብረው በፖስትሲኤስኤስ ፕለጊንነት እዚያው ሊያስገቡት ይችላሉ። የዚህ መንገድ ዕዳው በኋላ ይታያል። የፖስትሲኤስኤስ ዝርዝር በቪት ኮንፊግ ውስጥ ሲሰጥ ቪት ሌላ የፖስትሲኤስኤስ ኮንፊግ ፋይል አይፈልግም፤ በነባሩ ፋይል ውስጥ የነበሩ ሌሎች ፕለጊኖች ካሉ ሳይታወቅ ይቀራሉ። የኤዲተሩ የቴይልዊንድ ማሟያም የሚያነበው ፋይሉን ስለሆነ የእናንተን ቀለሞች በጥቆማው ውስጥ አያሳይም። ሌላው የቢልድ መሣሪያ ዌብፓክ ፕሮሚስ የሚያወጣ ኮንፊግ ይቀበላል፣ የድረ ገጽ ፍሬምወርኩ ኔክስት ጄኤስም ከ12.1 ጀምሮ አሲንክ ፈንክሽን ይቀበላል፤ ነገር ግን ኔክስት የፖስትሲኤስኤስ ፕለጊኖች በስማቸው ብቻ በጽሑፍ እንዲጠቀሱ ስለሚጠይቅ የተዘጋጀ ፕለጊን አሳልፎ መስጠት አይቻልም። በአጭሩ ይህ መንገድ በአንዱ መሣሪያ ሠርቶ በሌላው የሚከለከል ነው፤ በጄሰን ፋይል የሚያልፈው ግን የትም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ወደ ቴይልዊንድ 4 ተሸጋግረናል። የጃቫስክሪፕት ኮንፊግ ፋይላችን በቦታው አለ፣ ግን እንዳልተነበበ ሆነ። አሲንክሮነስ ጭነቱ በአዲሱ ስሪት ተፈቷል ሲባል ሰምተን ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ ጥያቄው የተፈታ ሳይሆን ቦታው የተለወጠ ነው ቢባል ይቀላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የወጣው ስሪት 4 ቅንብሩን ከጃቫስክሪፕት ወደ ሲኤስኤስ አዛውሮታል፤ ቀለሞችና መጠኖች አሁን የሚገለጹት በዋናው የሲኤስኤስ ፋይል ውስጥ «@ቲም» በሚለው ትእዛዝ ሥር፣ በሲኤስኤስ ቫሪያብሎች መልክ ነው። የድሮው ኮንፊግ ፋይል በራሱ አይፈለግም፤ እንዲነበብ ከተፈለገ በሲኤስኤሱ ውስጥ «@ኮንፊግ» በሚለው ትእዛዝ አድራሻውን መጥቀስ ያስፈልጋል፤ ቢጠቀስም እንኳ «ሴፍሊስት»ን (በግዳጅ የሚወጡ ክላሶች ዝርዝር) የመሳሰሉ አንዳንድ ቁልፎች በዚያ መንገድ አይሠሩም።

ለእናንተ ጉዳይ ይህ ለውጥ መልካም ነው። ከላይ የገለጽነው ስክሪፕት ጄሰን ከመጻፍ ይልቅ በቀጥታ አንድ የሲኤስኤስ ፋይል ይጻፍ፤ በፋይሉ ውስጥ የ«@ቲም» ክፍል ይኑር፤ እያንዳንዱም ዋጋ ስሙ በሁለት ሰረዝና «ከለር» በሚል የሚጀምር ቫሪያብል ይሁን። ዋናው የሲኤስኤስ ፋይል ይህንን «@ኢምፖርት» ሲያደርገው ለጀርባ፣ ለጽሑፍና ለጠርዝ የሚሆኑት ክላሶች ሁሉ ከዚያው ስም ይወጣሉ። ጃቫስክሪፕት በመሐል ስለሌለ የሚጠበቅ ፕሮሚስም የለም። ፍሬምወርኩ በቲሙ ውስጥ ካሉት ቫሪያብሎች ወደ ውጤቱ የሚያስገባው ጥቅም ላይ የዋሉትን ብቻ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ፤ በጃቫስክሪፕት ኮድ ብቻ የምትጠሩት ቫሪያብል ካለ ክፍሉን «ስታቲክ» በሚለው ቃል ምልክት ማድረግ ይገባል።

ጥያቄ፦ የምንሠራው ሥርዓት ብዙ ደንበኛ ድርጅቶች በጋራ የሚጠቀሙበት ነው፤ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ቀለም ከቅንብር ገጽ ላይ ይመርጣል። ተጠቃሚው ሲገባ የድርጅቱን ኮንፊግ በጥሪ አምጥተን ገጹን እናለብሰዋለን። የሚያስቸግሩን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ገጹ መጀመሪያ በእኛ ሰማያዊ ተከፍቶ ከአፍታ በኋላ ወደ ደንበኛው ቀለም ይቀየራል፤ በተጨማሪም ከሰርቨር የመጣውን የቀለም ስም ከክላስ ስም ጋር ቀጥለን ስንሠራበት በአንዳንዱ ቀለም ይሠራል፣ በአንዳንዱ አይሠራም።

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ መልሱ አጭር ነው። ቴይልዊንድ ኮድዎን አያስኬድም፤ እንደ ጽሑፍ ያነበዋል። ሁለት ቁርጥራጮችን በማገጣጠም የሚፈጠር የክላስ ስም በፋይሉ ውስጥ በሙሉ ስለማይገኝ ሲኤስኤሱ አይወጣም። በአንዳንዱ ቀለም የሠራው ያው ክላስ በሌላ ቦታ በሙሉ ስሙ ተጽፎ ስለተገኘ ብቻ ነው፤ ያ ሌላ ቦታ በተሰረዘ ቀን ይህም ይጠፋል። ምርጫዎቹ የታወቁና ጥቂት ከሆኑ ሙሉ የክላስ ስሞችን የያዘ ሰንጠረዥ በኮዱ ውስጥ ያስቀምጡ። ስሞቹን በግዳጅ ማስወጣትም ይቻላል፤ በስሪት 3 በ«ሴፍሊስት»፣ ከ4.1 ጀምሮ ደግሞ በሲኤስኤሱ ውስጥ «@ሶርስ ኢንላይን» በሚለው ትእዛዝ። ደንበኞቻችሁ ማንኛውንም ቀለም መምረጥ ከቻሉ ግን ማለቂያ የሌለው የክላስ ዝርዝር ማውጣት ስለማይቻል ሁለቱም አያገለግሉም።

እዚህ ነው ከፊተኛው ጠያቂ ጉዳይ የምትለዩት። የእርሳቸው ቀለም የሚለወጠው ዲዛይነሩ ሲለውጠው ስለሆነ በቢልድ ጊዜ ተይዞ ሊቀር ይችላል፤ የእናንተ ግን በተጠቃሚው ይለያያል። ስለዚህ በቢልድ ጊዜ የሚወሰነው ስሙ ብቻ ይሁን፣ ዋጋው በብራውዘሩ ውስጥ ይሙላ። በቴይልዊንድ ቅንብር ውስጥ «ፕራይመሪ» የሚለው ቀለም ወደ አንድ የሲኤስኤስ ቫሪያብል ያመልክት፤ ለቫሪያብሉ የደንበኛውን ቀለም የሚሰጠው ገጹ ሲከፈት ነው። በስሪት 3 የግልጽነት መጠን የሚቀበሉ ክላሶች እንዲሠሩ ቫሪያብሉ የሚይዘው የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥሮችን በክፍት ቦታ ተለያይተው ብቻ ሲሆን፣ በቅንብሩ ውስጥ ለግልጽነት የተመደበውን ምልክት መጻፍ ያስፈልጋል። በስሪት 4 ይህ አይጠየቅም፤ ነገር ግን የቲሙ ቫሪያብል ሌላ ቫሪያብልን የሚጠራ ከሆነ ክፍሉ «ኢንላይን» የሚለውን ቃል መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ዋጋው በሰነዱ ሥር ላይ ተወስኖ ከታች በተለወጠበት ቦታ ላይ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል።

የቀለሙ ብልጭታ የሚመጣው ብራውዘሩ ገጹን ከሣለ በኋላ ጥሪያችሁ ስለሚመለስ ነው። ገጹ ከሰርቨር ተዘጋጅቶ የሚወጣ ከሆነ ሰርቨሩ ተጠቃሚው የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃልና፣ ቫሪያብሎቹን የያዘ ትንሽ የስታይል ክፍል በሰነዱ ራስጌ ውስጥ ጽፎ ይላከው፤ ብራውዘሩ የመጀመሪያውን ፒክስል ከመሣሉ በፊት ቀለሙ በእጁ ነው። ገጹ ቋሚ ፋይል ሆኖ የሚቀርብ ከሆነ ባለፈው ጊዜ የመጡትን ዋጋዎች በብራውዘሩ ሎካል ስቶሬጅ አስቀምጣችሁ፣ በራስጌው ውስጥ ባለች አጭር፣ አሲንክሮነስ ባልሆነች ስክሪፕት መልሷቸው። ስክሪፕትን በሲንክሮነስ መንገድ እንድትጭኑ የምንመክረው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ የምትሠራው ጥቂት መስመር ስለሆነ አታዘገይም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ተጠቃሚ ግን የተቀመጠ ነገር ስለሌለ መነሻው ቀለም ሰማያዊ ከሚሆን ማንንም የማይወክል ግራጫ ቢሆን ለውጡ ዓይን አይስብም።

ደንበኛ የጻፈው ዋጋ በስታይል ክፍል ውስጥ በቀጥታ ሲገባ የደኅንነት ጉዳይ ይከተላል። የቀለም ዋጋ መስሎ የስታይሉን ክፍል የሚዘጋና ስክሪፕት የሚከፍት ጽሑፍ ሊላክ ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ጽሑፉን እንዳለ አይጻፍ፤ ወደ ሦስት ቁጥሮች ተንትኖ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 መሆኑን አረጋግጦ፣ ቁጥሮቹን ብቻ ይጻፍ። ሌላው የንባብ ጉዳይ ነው፦ ደንበኛው ፈዛዛ ቢጫ ቢመርጥ በላዩ ያለው ነጭ ጽሑፍ አይነበብም። የዌብ ተደራሽነት መመሪያዎቹ በኤኤ ደረጃ ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቁት የንጽጽር ልክ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ነው፤ የቅንብር ገጻችሁ ይህንን አስልቶ የጽሑፉን ቀለም ጥቁር ወይም ነጭ አድርጎ በራሱ ቢመርጥ ቅሬታው ወደ እናንተ ሳይደርስ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የሲኤስኤስ ፋይሉን ራሱን በአሲንክሮነስ መንገድ መጫን ገጹን ያፈጥናል ይባላል፤ ሊንኩ ላይ «ሚዲያ» የሚለውን «ፕሪንት» አድርጎ ከተጫነ በኋላ ወደ «ኦል» የመቀየሩን ዘዴ ለቴይልዊንድ ብጠቀምበት ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። ዘዴው የሚሠራው ብራውዘሩ ለኅትመት ብቻ የተባለን ስታይል ገጹን ሳያግድ በዝቅተኛ ቅድሚያ ስለሚያወርደው ነው፤ ለአልፎ አልፎ የሚያስፈልግ ስታይል፣ ለምሳሌ ከገጹ ታች ላለ የካርታ መሣሪያ፣ ተገቢ ነው። የቴይልዊንድ ፋይል ግን የገጹ አጠቃላይ መልክ ስለሆነ ካልደረሰ የሚታየው ያልለበሰ ገጽ ነው። ፋይሉም ጥቅም ላይ የዋሉትን ክላሶች ብቻ ስለሚይዝ ትንሽ ነው፤ የፍሬምወርኩ ሰነድ አብዛኞቹ ፕሮጀክቶች ለተጠቃሚ የሚልኩት ሲኤስኤስ ከ10 ኪሎባይት በታች እንደሆነ ይገልጻል። የእርስዎ ፋይል ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከሆነ ከአጫጫኑ በፊት «ሴፍሊስት» ውስጥ የተከማቸውንና በ«ኮንቴንት» ሥር በስህተት የተካተቱ ማኅደሮችን ይመርምሩ።